የጅራቱ ፊት

ፍቅር በዓይን ይጀምራል ይላሉ። የእኔ ግን በጀርባዬ ነው የጀመረው።

አባቴ ክዋን ፎሻን ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን የአንበሳ ጭፈራ ሲፉ፣ ማለትም መምህር፣ ነው። አንዱን አንበሳ ሁለት ሰው በአንድ ጨርቅ ሥር ሆኖ ይጨፍረዋል፤ እኔ የአንበሳው ራስ ነበርኩ። ራስ ከፊት ሆኖ ጭንብሉን ይይዛል፤ ጅራት ከኋላ አጎንብሶ፣ ከፊት ያለውን ሰው መቀነት ጨብጦ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ሲዘለል ወደ ላይ ያነሳዋል። ሕዝቡ የጅራቱን እግሮች እንጂ ፊቱን አያይም።

ዩንሳም በጅራትነት የመጣው የቀድሞው ጅራታችን ከተማ ሥራ አግኝቶ በሄደ ሰሞን ነው።

«ክብደትሽ ስንት ነው?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አንተን የሚያደክም ያህል።»

ሳቀ። በዚያው ቀን ከረጅሙ ምሰሶ ላይ አዳለጠኝ፤ ከመውደቄ በፊት ግን እጁ ወገቤ ላይ ነበር። ጨርቁን አውልቀን ዞር ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ወዲያ በልምምድ ሰዓት ልቤ የሚመታው በዝላዩ ብቻ አልነበረም።

ዩንሳም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአፍንጫው ጀርባ ካንሰር ወጥቶበት በጨረር ድኗል። እኛ አገር ይህ በሽታ የማያውቀው ቤት የለም፤ እሱም አልደበቀኝም። የደበቀው የጥርስ ሐኪሙን ነው። ያለፈ በሽታ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ይመለሳል ስለሚባል፣ ጨረር መውሰዱን ሳይናገር መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ቁስሉ አልድን አለ። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ለእኛም አልነገረን። በምሳ ሰዓት እኛ ዳክዬ ስንግጥ እሱ የሩዝ አጥሚት ይጠጣል። የቡድኑ ልጆች «ጥርስ ያላበቀለው!» እያሉ ይስቁበታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘለን ስናርፍ ከኋላዬ ቀጭን የስብራት ድምፅ ሰማሁ። እጁ አልለቀቀኝም። መሬት ላይ በደህና ካወረደኝ በኋላ ነው ቁጭ ያለው። ጨርቁን ገልጬ ሳየው አገጩ ወደ ጎን ሄዷል፤ አፉ ደም ሞልቷል።

ጓንግጆው ከተማ ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ሳታለባብስ ነገረችው። «ጨረሩ ካንሰሩን ሲገድል የመንጋጋህን የደም ሥሮች አብሮ አድርቋል። አጥንቱ ሞቷል፤ የተሰበረውም ለዚያ ነው። እሱን ቆርጠን እናወጣና ከቅልጥምህ ጎን ያለችውን ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሯ ወስደን መንጋጋ እንሠራልሃለን።»

«ከዚያ እዘላለሁ?»

«ትራመዳለህ። ሰው ተሸክሞ ምሰሶ ላይ መዝለሉን ግን እርሳው።»

«ብረት ብቻ እሰሩልኝ።»

«በሞተ አጥንት ላይ ብረት አይጸናም። ከቆየህ ቁስሉ ወደ አንገትህ ይወርዳል፤ ያኔ እኔም አልደርስልህም።»

አሰላስለዋለሁ ብሎ ወጣ። አባቴ ሲሰማ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺም ልብሽን ሰብስቢ። ነገ ተመልሶ ቢታመም ዕድሜሽን አስታማሚ ሆነሽ ልትቀሪ ነው? ሌላ ጅራት ፈልጌያለሁ» አለኝ።

ዩንሳምን ፍለጋ ሄድኩና ወንዙ ዳር አገኘሁት።

«እግሬን አልሰጥም» አለኝ፣ ጥርሶቹን ሳያላቅቅ። «ጅራት ነኝ። ሰው የሚያየው እግሬን ነው። ፊቴን ማን አይቶት ያውቃል?»

«እኔ!»

«አንቺማ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነው የኖርሽው።»

እውነት ስለነበረ አመመኝ። ንዴቴም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«እንግዲያው ስማኝ። ጅራት ከሆነ አባቴ ያመጣል። እኔ የምፈልገው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ነው። የምፈልገው አንተን ነው፣ ደደብ!»

ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ። ጀልባ መጥቶ አለፈ።

«ዝላይ ከሌለኝ ምን እሆንልሻለሁ፣ ዪማን?»

«ትጨቃጨቀኛለህ። ለዚያ ደግሞ መንጋጋ ያስፈልጋል።»

ሊስቅ ሲል አመመውና አገጩን በሁለት እጁ ያዘ። እንደዚያ ሆኖ አለቀሰ።

እሺ ብሎ የገባበት ቀዶ ሕክምና ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። ሲወጣ ፊቱ አብጦ፣ እግሩ ታሽጎ፣ አንገቱ ላይ ቱቦ ነበር። ነርሶቹ በየሰዓቱ እየመጡ ከእግሩ ከአጥንቱ ጋር ተወስዶ አፉ ውስጥ የተሰፋውን ቆዳ ቀለም ያያሉ። በማግሥቱ ቆዳው ጠቆረ። አልጋውን እየገፉ ተመልሰው ወደ ቀዶ ክፍል ሮጡ፤ ደም ረግቶ የደም ሥሩን ዘግቶት ነበር። ካልተከፈተ እግሩንም ሰጥቶ መንጋጋ ሳያገኝ ሊቀር ነው። ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለማላምናቸው አማልክት ሁሉ ተሳልኩ።

ሥሩ ተከፈተ። አጥንቷም ያዘች።

በመከር ውድድር ከአዲሱ ጅራት ጋር ዘለልኩ። ዩንሳም ምርኩዙን ይዞ ከታች ቆሞ ይመለከተን ነበር። ስንጨርስ ከሕዝቡ መሀል አጣሁት፤ ፈልጌ ፈልጌ ከመድረኩ ጀርባ ከበሮ ማስቀመጫው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ጥሩ ይዞሻል» አለኝ።

«ይዞኛል። አንተን ግን አይሆንም።»

አባቴ ከበሮውን ሊወስድ መጣ። ሁለታችንን አየ፤ እጁን ዩንሳም ትከሻ ላይ ጥቂት አሳረፈና ከበሮውን ትቶልን ሄደ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አገጩ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ የታችኛው ከንፈሩ ዘንበል ብሎ ምራቅ ያመልጠዋል። በመዳፉ ሸፈነው።

«አትዪኝ።»

እጁን ቀስ ብዬ አነሳሁና ያንኑ ከንፈሩን ሳምኩት። የመጀመሪያችን ነበር።

ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። የዚያ ከንፈር ነርቭ ከሞተው አጥንት ጋር ተቆርጦ ወጥቷል።

«ዪማን» አለኝ፣ «ምንም አልተሰማኝም።»

«እኔ ተሰምቶኛል» አልኩት።