የዘይኑ በጎች

መዲና ዘይኑልአቢዲንን ያወቀችው ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ አባቷ በርኖስ ከሚሠሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ከቦሩ ሜዳ በላይ ካለው ደጋ የበግ ጠጉር ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሲዳስሱት የሚለሰልስ።

«እንዲህ ያለ ጠጉር አይቼ አላውቅም፤ ከየት አገኘኸው?» አለችው።

«ዘሩ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ለሥጋው ብለው ከፈረንጅ አውራ አዳቀሉ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ብርዱ ሳያልፍ አልሸልታቸውም፤ ሳሩም እንዲያገግም መስኩን እያፈራረቅሁ ነው የማስግጠው።»

ጠጉሩን እየዳሰሰች ቀና ብላ አየችው። እሱም መሄዱን ረስቶ ቆመ።

ኒካቸው ለሰባ ሰባት ዓ.ም. መኸር ተቀጠረ። ዝናቡ ግን ቀረ፤ ደጋው ላይ የሚጋጥ ጠፋ። ዘይኑ የተረፉትን በጎች እየነዳ ኮምቦልቻ፣ መዲና የአባቷ ሥራ ሲቆም ወደተጠጋችበት አክስቷ ቤት ወረደ።

«እናቴን ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያ አደራሽን፤ እነዚህ ካለቁ ዘራቸው ጠፋ ማለት ነው።»

«ወላሂ፣ አንዷም አትታረድም!»

እናቱ ዘንድ አልደረሰም። ደሴ ገበያ ላይ ለሰፈራ ታፍሶ ተወሰደ። ቆይቶም «ወባ ገደለው» የሚል መርዶ መጣ።

መዲና እንባዋ ሳይደርቅ በጎቹ ሳር አጥተው መውደቅ ጀመሩ። በቦርከና ወንዝ ዳር ለምለም ሳር የነበረው በሺር፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ፣ ሽማግሌ ላከ። መዲና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በጎቹ እንዳይታረዱ፣ ከሌላ ዘርም እንዳይዳቀሉ። በሺር ቃሉን ጠበቀ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የከሳ ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆመ። መዲና ልጇን አዝላ በግ ትሸልት ነበር።

«ሞተ አሉኝ» አለች።

«ወባው ጥሎኝ ነበር። አልሞትኩም።»

በጎቹን አየ፤ ጠቦቶቹ ቁርጥ እናቶቻቸውን ናቸው።

«እንዴት አተረፍሻቸው?»

የምትሸልተውን በግ ለቀቀች። ሳሩን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ጀርባዋ ላይ የተኛውን ሕፃን አየ።

«ብታርጃቸው ምን ነበር፣ መዲና!»

«አደራ አልከኝ» አለች።

በሺር ወጥቶ እንግዳውን አሳደረው። በነጋታው በሩን በገዛ እጁ ከፍቶ በጎቹን አስረከበው። መዲና እስከ ወንዙ ድልድይ ስትሸኘው አልከለከላትም።

«በይ ተመለሽ፤ ልጁን ፀሐይ መታው» አላት ዘይኑ።

ቀና ብላ አላየችውም። የልጇን ራስ በሻሿ ሸፍና ወደ ቤቷ ተመለሰች።