ከበቅሎዋ ኋላ

ምጥ ሹምም ጉምም አያውቅም። በ1959 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አገርነሽ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ደምለውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ከአምባራስ ወደ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ሲገሰግሱ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ዋጣቸው። በረዶው ከላይ ይወግራቸዋል። እንኳን መንገዱ፣ የፊተኛው ሰው ጀርባም አይታይም።

መሪው ጭቃ ሹሙ ይግዛው ነበሩ፤ ጠመንጃውም ትእዛዙም የእሳቸው ነው።

«በቀኝ ውረዱ!» አሉ።

ተሸካሚዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ዘወር ብለው ሰጠኝን አዩት። ሰጠኝ ግራ ገባው። እሱ እህል የሚያመላልስ ባለበቅሎ እንጂ የማን አዛዥ ሆነና! ጠዋት ተራው ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ቃሬዛውን ተቀብሏቸው ነበር፤ እሱንም ረስቶታል።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔም ጠፍቶኛል እኮ!»

ድንጋይ አንስቶ ወደ ቀኝ ወረወረ። ጆሯቸውን ቀስረው ጠበቁ። ድንጋዩ ሲያርፍ አልተሰማም።

«ኧረ በማርያም!» አለች አገርነሽ ከቃሬዛው ላይ።

ሰጠኝ የአሮጊት በቅሎውን ልጓም አወለቀና ከፊት ለቀቃት። ጉም ሲወርድ ጭነኞች እንዲህ ያደርጋሉ፤ በቅሎ የለመደችውን መንገድ አትስትም።

«ሹም ከበቅሎ ኋላ ሊሄድ?» ይግዛው ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

ሰጠኝ አንገቱን ደፍቶ በቅሎዋን ተከተለ። ደምለው የቃሬዛውን ፊት እንደያዘ በአፈሙዙ ሥር አለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ጥቂት እንደሄዱ በቅሎዋ ቀጥ አለች። ከጉሙ ውስጥ ነብር አጉረመረመ። ሰጠኝ መሸሽ አማረው፤ ግን ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል።

«እ... እንጩኽ ይሆን?» አለ።

አገር እስኪሰማ ጮኹ። ከኋላቸው ደግሞ ጥይት ተተኮሰ፤ ነብሩ ቁጥቋጦውን ጥሶ ነጎደ። ሲዞሩ የተኮሱት ይግዛው ናቸው። ለካ እሳቸውም ተከትለው ኖሯል!

ደባርቅ ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሕፃኑ በሕይወት ተወለደ፤ አገርነሽም ተረፈች፤ እግዜር ይመስገን።

በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ሲመለሱ ሰማዩ ጥርት ብሏል። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ቆሙ። ይግዛው ጠመንጃቸውን ወደ ጀርባቸው አዞሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በየት ይሻለናል?» አሉ፤ እንደ መለመን ብለው።

ሰጠኝ ማንን እንደጠየቁ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው በቅሎዋ ብቻ ነበረች።