ጭንቅላቱ እስኪገኝ

ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። እኔ ሙዚየሙ ማጽጃ ክፍል ቁጭ ብዬ አጥንት ላይ የተጣበቀ ድንጋይ በመርፌ እፈለፍላለሁ፤ እሱ ባሕሩ ዳር፣ ገደሉ ሥር ይቆፍራል። ተኳርፈናል። ልቤ ግን እዚያው እሱ ጋ ነው።

ጓደኞቹ «አንገቴ» ይሉታል። ሌላ ወሬ የለውማ! ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ በክሪቴሺየስ ዘመን ባሕር ውስጥ ይዋኝ የነበረ፣ አንገቱ ከቀረው ሰውነቱ የሚረዝም ተሳቢ እንስሳ አጥንት ካገኘ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። የተዋወቅነውም በዚሁ ሰበብ ነው። በጀሶ የጠቀለለውን የመጀመሪያውን ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ ተጋጨን፤ እግሬ ለጥቂት ተረፈ።

«አታይም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«አሁን አየሁ» አለ።

ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ድንጋዩን ሳያስቀምጥ ቆሞ አየኝ። እኔም አስቀምጠው አላልኩትም።

አባቴ ድሮ የድንጋይ ካባ ውስጥ ይሠራ ነበር። የተናደ ገደል አንድ እግሩን ወስዶበታል። ስለዚህ ስለ «አንገቴ» ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ገደል ሥር ለሚውል ሰው ልጅ የለኝም» አለ። «አንገቴ» ራሱ ሊያነጋግረው ሄደ። የእንስሳው ጭንቅላት ከተገኘ በኋላ ገደሉን ዳግም እንደማይረግጠው፣ ያን ቀን መጥቶ ለጋብቻ እንደሚጠይቀኝ ቃል ገባለት።

«እስከዚያ ቤቴንም እንዳትረግጥ» አለው አባቴ።

እንግዲህ ትዳሬ በሞተ እንስሳ ጭንቅላት ላይ ተንጠለጠለ። ጉድ እኮ ነው!

ትናንት ዝናቡ ሲጀምር ገደሉ አናት ላይ ስንጥቅ አየሁ። «እስኪያባራ ተወው» ብዬ ለመንኩት።

«እስኪያባራ ባሕሩ ይወስደዋል። አንቺም እንደ አባትሽ መናገር ጀመርሽ?»

ነደደኝ። «እንደፈለግህ!» ብዬው ሄድኩ።

ዛሬ የያዝኳት አጥንት ወደ ገደሉ ከሚገባው ቀጭን ጫፍ የወጣች ናት። እስካሁን ሳጸዳ የቆየሁት የመሃሉን ነበር። ከሥሯ የተጣበቀው ድንጋይ ሲለቅ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች ብቅ አሉ። እጄ ቀጥ አለ። እነዚህ ከሥር የሚንጠለጠሉ ትናንሽ አጥንቶች የሚገጠሙባቸው ናቸው፤ የሚገኙትም ጅራት ላይ እንጂ አንገት ላይ አይደለም። ሌላ አነሳሁ፤ ያው። ሌላም፤ ያው።

የዚህ እንስሳ አንገትም ጅራትም ወደ ጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ድንጋይ ውስጥ እንዳሉ ሲያዩዋቸው ያሳስታሉ። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን «ወደ ገደሉ የሚገባው አንገቱ ነው» አለና ጀሶው ላይ ቀስት ሣለ። ሁላችንም ቀስቱን ተከተልን። ይኸው አሁን ጅራት በኩል ጭንቅላት ፍለጋ ገደል ሥር ገብቷል። ምንም በሌለበት!

ደወልኩ፤ አያነሳም። አጥንቷን በሹራቤ ጠቅልዬ በረርኩ።

ገደሉ ሥር ስደርስ ጓደኞቹ ዝናቡን ፈርተው ሄደዋል። እሱ ብቻውን ተንበርክኮ ይቆፍራል። ከላይ ጠጠር ይንከባለላል።

«ውጣ!»

«ትንሽ ነው የቀረኝ!»

«ምንም አልቀረህም! ጅራቱን ነው የምትቆፍረው!»

ቀና አለና ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «አባትሽ ናቸው እንዲህ በይው ያሉሽ?»

«አጥንቷ ይኸው፤ ና እያት!»

«እኔን ለማስወጣት የማትፈጥሪው ነገር የለም» ብሎ ዞረ።

ዋሽቼው አላውቅም እኮ። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከፍርሃት እንጃ። ገባሁና ጭቃው ላይ፣ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ አላልክም? እጠብቅሃለሁ።»

«አብደሻል? ተነሺ! ይናዳል እኮ!»

«አሃ፣ ታውቃለህ ማለት ነው።»

ጠጠር ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጠጠሩን አየው፣ ከዚያ እኔን፤ ያን ቀን በሩ ላይ እንዳየኝ አድርጎ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

«አሁንም አላመንኩሽም» አለ። «ግን አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ እኔ መቆፈር አልችልም።»

እጄን ይዞ ጎተተኝ። ምሳ ስንበላ የምንቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ገደሉ ከኋላችን ተናደ። መሬቱ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ፤ ጭቃው እግራችን ድረስ መጣ። እሱ ተንበርክኮበት የነበረው ቦታ የለም።

ከዚያ ሹራቡን ከእጄ ወሰደና አጥንቷን ገልብጦ አያት። ጎድጓዳዎቹን በጣቱ ዳበሰ።

«ጅራት ናት» አለ። «ለጅራት ብዬ ልሞት ነበር።»

«እኔንም ልትገለኝ ነበር፣ አንተ ግትር!» አልኩና ደረቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሱም ከእኔ አልተሻለም።

እንደጨቀየን አባቴ ቤት ሄድን። አባቴ ክራንቹን ተደግፎ በሩን ከፈተ።

«ጭንቅላቱ ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?»

«እኔማ ምንም አልያዝኩም። ልጅዎ ናት እኔን ይዛኝ የመጣችው። ገደሉን ትቻለሁ፤ ጭንቅላቱም ይቅርብኝ። እሷን ግን እንዳይከለክሉኝ።»

አባቴ ጭቃችንን አየ፤ የተያያዘውን እጃችንን አየ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ጫማህን አውልቅና ግባ።»

ጭንቅላቱን ያገኘነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ከገደሉ ርቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። አንገቱ ወደ ባሕሩ ተዘርግቶ፣ ጭንቅላቱ ምሳ የምንበላበት ድንጋይ ሥር፣ ልክ እኔ በምቀመጥበት በኩል ነበር። ጓደኞቹ አሁን «ጅራቴ» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ስሙን በሰማ ቁጥር ግን ሳያውቀው እጄን ፈልጎ ይይዛል።