ጋሽ ሙጫ

መጽሔቶቹ የመጡት በትራስ ልብስ ውስጥ ነበር።

ሰውየው የጥረዛ ቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ገባና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው የትራስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈው። ረጅም ነው። ቁመቱን ግን እንደ ጥፋት የሚቆጥረው ይመስል አንገቱን ደፋ አድርጎ ይቆማል።

«ጠራዧ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን አመጡልኝ?»

«ሰባት የሥዕል መጽሔቶች። የልጅነቴ ናቸው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዳይስቁብኝ እንጂ፣ ልዕለ ኃያል ያለባቸው ናቸው። የሚበር።»

«ትናንት ገጹ ሁሉ የሚበር የሒሳብ መጽሐፍ ሰፍቻለሁ» አለች። «በራሪ አይገርመኝም።»

ሳቀ። ሲስቅ አንገቱ ቀና አለ። ያኔ ዓይኖቹን አየች፤ ቶሎም ወደ ትራስ ልብሱ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን እትም አወጣች። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ ሰማያዊ ካባ የለበሰ ሰው በሕንፃዎች መካከል ይበራል። ደረቱ ላይ ግማሽዋ የወጣ ፀሐይ አለች። ገለጠችው። ንግግር በሚጻፍባቸው ነጫጭ አረፋዎች ላይ ሁሉ ከደብተር የተቆረጠች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በውጭ ቋንቋ የታተመው ቃል በአማርኛ እጅ ጽሑፍ ተሸፍኗል።

ጽሑፉ ውስጥ ያለችው «ሽ» አናቷ ላይ ከልኳ የሰፋ ባርኔጣ ደፍታለች። እንዲህ ያለች «ሽ» የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እጇ ገጹ ላይ ቀረ። ያ ሰው እሷ ራሷ ናት።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ የድሮ የሥዕል መጽሔቶችን ለሕዝብ ያሳያል» አለ ሰውየው፣ ምንም ሳያስተውል። «የእኔንም ሊቀበሉ ተስማምተዋል። ግን...» ከኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ አነበበላት። «‹ባዕድ ወረቀቶች ከተነሡ በኋላ› ይላል። እንዲያነሡልኝ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።» ወለሉን አየ። «እኔ ብቻዬን አቅፌያቸው ምን ይጠቅማል? ሰው ይያቸው ብዬ ነው። ብቻ ከመነሣታቸው በፊት ጽሑፋቸውን አንድ በአንድ ደብተር ላይ ልገልብጥ። ከፈቀዱልኝ እዚሁ ቁጭ ብዬ።»

እሺ አለች። የገዛ ውሸቱን በገዛ እጁ እንዲልጥ የሚጠየቅ ሰው ስንት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞች መጽሔት ይደረድራሉ፤ የሥዕሎቹን ቋንቋ ግን ማንም አያነበውም። እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ያንን ቋንቋ በትምህርት ቤት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ አባቷ አንዱን እትም ይዘው ቤት ገቡ። «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» አሏት። ኩራታቸውን አይታ «አላውቅም» ማለት አቃታት። አነበበችላቸው። ማለት፣ ፈጠረችላቸው። በማግሥቱ «ለደንበኞቼም ጻፊልኝ» አሉ። እሷም ጻፈች፣ ቆረጠች፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፈች። ባለ ፀሐዩን ሰው «ጎህ» አለችው።

ፀጉሩን አይታ ሴት መስሏት ነበር። አራት እትም ሙሉ ወንበዴው «አንቺ ጎህ! እጅሽን ስጪ!» እያለ ሲያሳድደው ኖረ። አምስተኛው እትም ላይ ጎህ ጭንብሉን አወለቀ። ጢም ነበረው።

ሰውየው ከሥራ መልስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየመጣ ከፊት ለፊቷ ይቀመጥ ጀመር። እሱ ይገለብጣል። እሷ በእርጥብ ጨርቅ ሙጫውን አለስልሳ በቀጭን ቢላ ወረቀቶቹን ታነሣለች፤ ያነሣቻቸውንም በተራቸው ትደረድራለች። መጣል አልሆነላትም።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው በሁለተኛው ቀን።

«ተርጓሚ ነኝ። የመድኃኒትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ። ‹ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ› የሚለውን ተኝቼም እጽፈዋለሁ።»

«ታዲያ የእነዚህን ቋንቋ ያውቁታል?»

«በእነዚህ ምክንያት እኮ ነው የተማርኩት! ዋናውን ላንብበው ብዬ አራት ዓመት ለፋሁ።» ራሱን ነቀነቀ። «ምን ይላል መሰልዎት? ‹ተጠንቀቁ!› ይላል። በሚቀጥለው ገጽ ‹ወደ ኋላ በሉ!› ይላል። አለቀ። ለካ ስወደው የኖርኩት ጎህን አይደለም፤ እነዚህን የለጠፈውን ሰው ነው። ጋሽ ሙጫን።»

«ማንን?»

«ስም አውጥቼላቸው ነው» አለ እያፈረ። «ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ነበሩ። ሁልጊዜ መነጽር፣ ሁልጊዜ ጋዜጣ። አንድ ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉር ቤት የሚውለው ምን ሌላ ሥራ ኖሮት ነው? በቃ፣ እሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ራሰ በራው የቤቱ አከራይ ነበሩ። ከሚስታቸው ንዝንዝ ለማረፍ ነበር የሚመጡት።

«እኔማ ስደርስ ተራ እይዛለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ለቀጣዩ እሰጣለሁ» ቀጠለ። «ገጹ አላለቀማ! በኋላ ፀጉር ቤቱ ተዘጋ፣ መጽሔቶቹም ከወንበሮቹ ጋር ተበተኑ። ሰባቱን ለመሰብሰብ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ ‹እብዱ› ነው የሚሉኝ። ንጹሕ እትም ያመጡልኛል፣ እመልሳለሁ። ‹ይህ እኮ እጅ አልነካውም!› ይሉኛል። ‹ጥፋቱ እሱ ነው› እላቸዋለሁ።»

አምስተኛውን እትም ሲገለብጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ወንበዴው፣ «ለካ ወንድ ነህ! ይህን ሁሉ ዘመን አንቺ ስልህ ዝም ያልከኝ ለምንድን ነው?» ይላል። ጎህም ጢሙን እያሻሸ፣ «እንዴትም ጥራኝ። ስጠራ መምጣቴን ብቻ እይ» ይለዋል።

«በትምህርት ቤት ‹ቀውላላው› ነበር ስሜ» አለ፣ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ። «ከዚህች ገጽ በኋላ ስጠራ አልከፋኝም።»

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስህተቷን መሸፈኛ ብላ የጻፈችው ነገር ነው። ጎንበስ ብላ የሌለ ሙጫ ስትፍቅ ቆየች።

ሰባተኛው እትም ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በመጨረሻው ገጽ ጎህ ሰገነት ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከታሪኩ መጀመሪያ ጀምሮ ስትከተለው የነበረችው ፎቶ አንሺ ከኋላው ቆማ አፏን ከፍታለች። አረፋዋ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው።

«ምን ብላው ይሆን?» አለ። «ጋሽ ሙጫን ይህን ሳልጠይቅ ብሞት ይቆጨኛል።»

«ቢያገኟቸውስ?»

«ጉልበት ስሜ አመሰግናለሁ።»

ቅናት ያዛት። ከራሰ በራ ሽማግሌ ጋር እንዴት ትወዳደራለች? አሥራ አንድ ዓመት የተፈለጉት እሳቸው ናቸው። «እኔ ነኝ» ብትለው ከዓይኑ ላይ የሚጠፋውን ነገር አስቀድማ ያየችው መሰላት።

ዓርብ እራት ላይ ስለ ሰውየው ለአባቷ አወራችላቸው። አባቷ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መቀስ አይዙም፤ ያገኙትን ሰው ፀጉር በዓይናቸው ሳያስተካክሉ ግን አያልፉም።

«ረጅም ነው? አንገቱን የሚደፋ?»

«አዎ።»

«ተራ ሰጪው!» ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «በአንድ ቅዳሜ ተራውን ለዘጠኝ ሰው የሰጠ ልጅ! ‹ተራህ ነው!› እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ይደርቅ ነበር። ፀጉሩ ከኋላው አሁንም ይጎፍራል?»

«ጎፈር ብሏል።»

«አሃ» አሉ አባቷ። «ከኋላም አይተሽዋል።»

ሳህኗን ገፋ አደረገች። «አባዬ፣ እኔ ያኔ ቋንቋውን አላውቅም ነበር። ሁሉንም ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ያ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው የቋንቋ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ነገረኝ። ‹የታተመው ሌላ ነው› አለኝ። ‹የትኛው ይሻላል?› አልኩት። አሰበ፣ አሰበና ‹የልጅዎ› አለ። ‹በል እንግዲያው ዝም ብለህ ጢምህን ተላጭ!› አልኩት።»

እየሳቀች እንባዋ መጣ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትተይው ነበራ። አሁንም እኔን መናዘዣ አታድርጊኝ። የሚነገረው ሰው ሌላ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው መጣ። ከመጀመሪያው እትም ላይ ወረቀቶቹ ተነሥተው አልቀዋል፤ አቀበለችው። ገጾቹን ቀስ ብሎ ገለጠ። የሚያውቀው ሰው ጢሙን ተላጭቶ ሲመጣበት እንደሚያየው አየ።

«ቆንጆ ሆኗል» አለ። ድምፁ ግን ቆንጆ አላለም። በተራቸው ወደተደረደሩት ወረቀቶች ዞረ፣ ፈገግ ለማለትም ሞከረ። «ይቅር ይበሉኝ እንግዲህ። የት ነዎት፣ ጋሽ ሙጫ?»

«አቤት» አለች።

ቀና አለ።

«አቤት» አለች ደግማ። «ራሰ በራው አከራያችን ነበሩ። ፀጉር ቤቱ የአባቴ ነው። ደብተሩ የእኔ ነው፣ ዱቄቱ የእናቴ ነው፣ ውሸቱም የእኔ ነው። ጎህን ሴት ያደረግሁት ፀጉሩን አይቼ ነው። የመጨረሻዋን ባዶ የተውኩት ሰገነት ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደምትለው ስላላወቅሁ ነው። ማንን እጠይቃለሁ? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።»

ብጣሽ ወረቀት ስባ «እጅሽን ስጪ» ብላ ጻፈች። ሰውየው ባለ ባርኔጣዋን «ሽ» ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ፣ ምንም ሳይል ወጥቶ ሄደ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

በተከፈተው በር የመንገዱ ጫጫታ ገባ። ያልሳቀባትም ያልተቆጣትም ሰው እንዲህ ያማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ዱቄትና ውኃ ጥዳ አማሰለች። የመጀመሪያውን እትም ከፍታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደየአረፋቸው ትመልስ ጀመር። ለሰውየው ብላ አልነበረም፤ ቦታቸው እዚያ ስለሆነ ነው።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ በሩ በትከሻ ተገፋ። ሰውየው ላብ አጥምቆታል፣ ትንፋሽ አጥሮታል።

«ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይዘጋል» አለ። «ሮጬ ነው የደረስኩት። እንዳይጠብቁን ነገርኳቸው። ባዕድ ወረቀት የለበትም አልኳቸው፤ የራሱ ነው።»

«ይህን ብለውኝ መሄድ አይችሉም ነበር?»

«አፌ እንቢ አለኝ።» አንገቱን ሊደፋ ጀመረና ተወው። «መመሪያ ተርጓሚ ነኝ። እንዲህ ላለው ነገር መመሪያ የለውም። ብቻ አንድ ነገር... ጉልበት መሳሙ ይቅርብኝ?»

«ይቅርብዎ» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። የተጣደው ሙጫ ፍልቅ ፍልቅ ማለት ጀመረ። ምድጃውን አጠፋችው።

ወንበሩን ስቦ ከፊት ለፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ተቀመጠ። ሰባተኛውን እትም ከትራስ ልብሱ አወጣና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠላት። አልጠየቃትም። ገጹን ብቻ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ሰገነቱ እዚያው ነው። ጎህም ለሰው ሁሉ ደርሶ፣ ለራሱ ቀርቶ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺዋ አፏን ከፍታ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቃለች። ጠራዧ ከደብተር ላይ ትንሽ ወረቀት ቆረጠች። እርሳስ አነሣች፣ በእጇ ጋረደችና ሁለት ቃል ጻፈች። ጀርባውን ሙጫ ቀባችና አረፋው ላይ አሳረፈችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ተራህ ነው።»

ሁለተኛ አነበበው፤ በሦስተኛው ጣቱን የመጀመሪያው ቃል ጫፍ ላይ አደረገ። «‹ተራዎ› አይልም» አለ በቀስታ።

«አይልም» አለች። ፊቷ ግሏል፤ ዓይኗን ግን አላሸሸችም።

«እንግዲህ ይህን ተራ ለማንም አልሰጥም።» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ...» አለ። በዚህ ጊዜ ቃሉ ስህተት አልነበረም።

የወረቀቷ አንድ ጥግ ብድግ ብሎ ነበር፤ በጣቷ ተጫነችው። እሱም ጣቱን ከጎኗ አኖረ።

«እስኪደርቅ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?»

«የዱቄት ሙጫ ነው» አለችው። «ቆየት ይላል።»

ቆየት አለ። ከደረቀ በኋላም ማናቸውም እጃቸውን አላነሡም።