በኤኮው አፍ የተነገረው ግጥሜ

ኤኮውን የተዋወቅኩት ሊፍታችን ተበላሽቶ አሥራ አንድ ፎቅ በእግሬ ስወጣ ነው። ለንደን፣ ፔካም ሰፈር ውስጥ ሊፍት ቢበላሽ ማንም አይገረምም። እሱ ስምንተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ራፕ ይለማመድ ነበር።

«የመጨረሻው ስንኝ ቤት አይመታም» አልኩት ሳልፍ።

«እስቲ አንቺ አስመቺው፣ የኔ አዋቂ።»

አስመታሁት። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም መንገዴን ረሳሁ።

ከዚያ ወዲህ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይላል። የአጎቱ ልጅ ጆጆ ጋራዥ ውስጥ እንቀዳለን፤ በስልክ ቪዲዮ አንስተን ኢንተርኔት ላይ እንለቃለን። ሬዲዮ አያጫውተንም፣ ፖሊስ ዝግጅታችንን ይዘጋል፣ የሰፈሩ ልጅ ግን በቃሉ ይዞናል። በዓመቱ ከሩቅ ከተሞች፣ ከሊድስና ከብሪስቶል ሳይቀር አድማጭ አገኘን። ሬኔል የሚለው ስሜ ግን የትም አልነበረም።

«ሬኔል ማይክ ከያዘች ሰው ይስቅብናል» አለ ጆጆ። ኤኮው መሬት መሬቱን አየ። መናደድ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። እወደውም ነበር።

ወንድሜ ማርሎን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በስለት ተወግቶ ሲሞት ይህን ጻፍኩ፦

የወንድሜን ሸሚዝ እናቴ አጠበች፣
ውሃው ቀላ እንጂ አልጠራም እያለች፤
ገዳዩን አይታችሁ ዝም ያላችሁ ሁሉ፣
አንድ ቀን ይነጋል፣ በር ይንኳኳል በሉ።

ኤኮው ሲለው ሰፈሩ አለቀሰ።

ከዚያ በስድስተኛው ወር ሌላ ልጅ ተወጋ። ፖሊስ ኤኮውን ያዘው። ቦታው ላይ ያየው ሰው አልነበረም፤ ማስረጃ ያሉት «በር ይንኳኳል» የሚልበትን ቪዲዮ ነው።

እስር ቤት ልጠይቀው ሄጄ፣ «ግጥሙ የሬኔል ነው በላቸው» አልኩት።

«አልልም። አንቺንም ይወስዱሻል።»

«የሞተው ወንድሜ ነው፣ ኤኮው። ቃሉም የኔ ነው። ያኔ ለጆጆ ብለህ አፌን ዘጋህ፤ አሁን ደግሞ ለኔ ብለህ?»

ተነስቼ ወጣሁ። በቀጥታ ጠበቃው ቢሮ ሄጄ ግጥሙ ያለበትን ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ስቆም ዐቃቤ ሕጉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ብቻ፣ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ አነበባቸው።

«በራችሁን ላንኳኳ እመጣለሁ ማለት ዛቻ አይደለም?»

«በሩ የኛ ነው» አልኩት። «ያየ ሰው መጥቶ ለእናቴ እንዲነግራት ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ ማንም አላንኳኳም።»

«እርስዎ የሕፃናት ሞግዚት ነዎት። ይህን ጻፉ ብለን እንመን?»

«ሸሚዙን ያጠበችው እዚያ ተቀምጣለች። ይጠይቋት።»

ከዚያ አራቱንም ስንኝ በቃሌ አልኩት። ኤኮው ተከሳሽ በሚቆምበት የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ አየሁት።

ከተራው ሕዝብ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ዳኞች ሁለት ቀን መከሩ። ነፃ ወጣ።

ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ውጭ አገኘኝ።

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«በነሱም ባንተም። ከዛሬ ጀምሮ የጻፍኩትን ራሴ ነኝ የምለው። ጆጆ ከፈለገ ይሳቅ።»

«ያኔ መናገር ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።»

ወደ ፌርማታው ሄድን። አውቶቡሱ ሲመጣ እጄን ያዘ። እኔ አልጨበጥኩትም። እጄንም አላስለቀቅኩም።