ቡናማው ክር

ሚጢ የልብስ ስፌት ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ፣ የሰፊዋ ልጅ ስልኳን ጨርቅ ክምር ውስጥ ወሸቀች። ሁለቱ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት።

«እትዬ፣ ይሄን ጉርድ መልሰው ያሳጥሩልኝ» አለች ሚጢ የዩኒፎርሟን ጉርድ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች።

«ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ ያስረዘምኩልሽ? እንደ ሸንበቆ ተመዝዘሻል እኮ፣ ልጄ!»

«ሙድ ያዙብኝ። እስኪስተካከል ትምህርት ቤት አልሄድም።»

ስልኳን ለሰፊዋ አቀበለቻት። «ጭምብል» የተባለው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሚጢ ጉርድ ዘንድሮም አለ! ቅምቅማቱ ተፈትቶ ረዝሟል፤ ጉርዱ ሰማያዊ፣ የውስጡ ክር ቡናማ!» ከስሩ ሳቅ በሳቅ ነው።

የሰፊዋ ልጅ ጆሮዋ ጋለ። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፅ ያጥራታል። ጭምብል ስትሆን ግን አንደበቷ ምላጭ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ስም ለሌለው ሰው የማይሠራ ተረት መስሏት ነበር። ሚጢን ጠልታትም አይደለም። ሰው በጻፈችው ሲስቅ ደስ ስለሚላት ብቻ ነው።

እናቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ጉርዱን ገልብጣ ቅምቅማቱን በጣቷ ዳበሰችው። ክሩ ለብሳው ለሚያያት ሰው አይታይም። ሰማያዊው አልቆ በቡናማ ሲሰፋ ደግሞ እዚህ ቤት የነበሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ክው አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እናት ወደ ሚጢ ዞራ። «ክር አልቆብኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ። ማሳጠሩ ይቅር፤ በሰማያዊ እሰፋልሻለሁ።»

ሚጢ አመስግና ወጣች። እናት ቡናማውን ክር መተርተር ጀመረች። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ገጹን ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነው፤ ከጠፋ ሚጢ መቼም አታውቅም። ግን እሷ ላጠፋችው ይቅርታ የጠየቀችው እናቷ ናት። አፈረች። ስልኩን አስቀምጣ አዲስ ሰማያዊ ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባች።

«አምጪው እማ፣ እኔ ልስፋው። አሁኑኑ ቤቷ እወስድላታለሁ።»

«ወስደሽ ምን ልትያት?»

ልጅቷ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ሰደደች።

«ጭምብል እኔ ነኝ።»

እናቷ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።