ያልሳለችው ማዕበል

«እጄን አሞኛል በያቸው» አለች አራባ። «በጨርቅ እንጠቀልለዋለን፣ አለቀ።»

ኩኩዋ አልሳቀችም። ዛሬ ጠዋት የሥዕል መምህሯ ሚስተር አንሳ ሥራዋን ለክፍሉ ሁሉ ካሳዩ በኋላ፣ ነገ ሥዕሉ ላይ ያለውን ማዕበል እንዴት እንደሳለችው በታብሌቱ ላይ እንድታሳያቸው ነግረዋታል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን የምትገባበት ጠፋት፤ ማዕበሉን አልሳለችውማ።

ጀልባውን እሷ ናት የሳለችው። ሰማዩንም፣ ቀዛፊዎቹንም። ውሃው ግን እምቢ አላት። ከትምህርት ቤት በተዋሰችው ታብሌት ሦስት ሳምንት ሙሉ ብትለፋ ባሕሩ የተጨማደደ ሰማያዊ አንሶላ ከመምሰል አላለፈም። እሁድ ዕለት ጓደኛዋ አራባ አንድ የማያውቁት ሰው የሳለውን ማዕበል ከኢንተርኔት አወረደችና ለጠፈችላት፤ ቀለሙንም ነካ ነካ አደረገችው። ልክክ አለ። ሥዕሉ ግን ለተማሪዎች ውድድር የሚቀርብ ነው፤ ሕጉም ሁሉም ነገር በራስ እጅ ይሳል ይላል። ሥዕሉ የሚላከው ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ያሸነፈ የራሱን ታብሌት ይሸለማል። ኩኩዋ ያንን ታብሌት በሕልሟ ሳይቀር ታየዋለች።

ማክሰኞ ስለሆነ ባሕር የወጣ የለም። በአጥማጆቹ ልማድ ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ጀልባው ሁሉ አሸዋው ላይ ይደረደራል፣ ሰው መረቡን ይጠግናል። የእናቷ አባት ናና ኮቢናም ጀልባቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ መረቡን በእግር ጣታቸው ወጥረው ይሰፋሉ። ዐርባ ዓመት ጀልባ መርተዋል፤ ነገረኛም ናቸው። ሁለቱ ልጆች በባሕሩ ዳር ሲመጡ ሲያዩ ሥዕሉን ካላሳያችሁኝ አሉ።

ታብሌቱን ከፊታቸው አራቅ አድርገው ብዙ አዩት።

«ጀልባዋ የኔ ናት» አሉ። «የተላጠችውን ቦታ እንኳ አልማርሻትም። ባሕሩ ግን የማን ነው?»

ኩኩዋ ደነገጠች። ነገሩን ማን ነገራቸው? አራባን አየቻት፤ አራባ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ለካ ማንም አልነገራቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ባሕሩን ነው። እዚህ ፊቱን ወደ ባሕር ላዞረ ሰው ማዕበል የሚመጣው ከቀኙ ነው፤ የሥዕሉ ግን ከግራ መጥቷል። ቀዛፊዎቹ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ሰጥተው ማዕበሉ ከኋላቸው ሊውጣቸው ነው።

«ይሄ ከኋላ የተቀመጠው ደሞ እኔን ይመስላል» አሉ። «ምን አደረግኩሽና ነው የምታሰምጪኝ?»

አራባ ጠጋ ብላ፣ «ገልብጪው፤ አንድ ንክኪ ነው» ስትል አንሾካሾከች። ኩኩዋ ነካችው። ማዕበሉ ዞሮ ከቀኝ መጣ። እፎይ ልትል ስትል ሽማግሌው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«የጀልባዋ ጥላ ወዲህ፣ የማዕበሉ ጥላ ወዲያ። ፀሐይዋ ሁለት ሆነች እንዴ?» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ነሽ የሳልሽው?»

«አይደለሁም፣ ናና። ውሃ መሳል አቃተኝ።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መርፌያቸውን አስቀመጡና መረቡን አሸዋው ላይ ዘረጉት። ከዚያ ማዕበሉ ተሰብሮ ሲመለስ ውሃው ላይ የሚተወውን አረፋ በአገጫቸው አሳዩዋት።

ኩኩዋ አንዴ መረቡን፣ አንዴ ውሃውን አየች። አረፋው መረብ ነው። ከእግሯ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው፤ እየራቁ ሲሄዱ ይጠባሉ፣ ይጋደማሉ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚታየው ውሃም ሰማያዊ አይደለም፤ አሸዋ የነካው አረንጓዴ ነው። አፈረች። ባሕሩ ሃምሳ እርምጃ ላይ ቁጭ ብሎ እሷ ውሃ አሳሳል ስትማር የከረመችው ከቪዲዮ ነበር።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል» አለች አራባ። «በአንድ ሰዓት አያልቅልሽም። ታብሌቱ ይቅርብሽ?»

እንዲቀርባት አትፈልግም። በጣም ነው የምትፈልገው። ግን ማዕበሉን አጠፋችው፤ ጀልባዋ ነጭ ባዶ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ነገ ቲቸር ሲጠይቁኝ የእሁዱን እነግራቸዋለሁ» አለች። «ያንቺን ስም አልጠራም። የደረስኩበትን ያህል ደግሞ አሳያቸዋለሁ።»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረችና የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ሳለች። ሰፊ ሆነች፣ ጠማማ። ሁለተኛዋን ጠበብ አደረገቻት።

አራባ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሄደችም። ኩኩዋ ጥላኝ ሄደች ብላ ነበር፤ ቀና ስትል ግን አራባ የመረቡን ወዲያኛ ጫፍ ይዛ፣ ቀዳዳዎቹ በደንብ እንዲታዩ ወጥራዋለች።

«ሳዪ» አለቻት። «ዐሥር ደቂቃ ሲቀር እነግርሻለሁ።»